ዲናሞው ከመቀየሩ በፊት
የመኪና ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በዲናሞ ዙሪያ ናቸው። ዲናሞ ስንል ጋራዥ ውስጥ ሁሉም በዚህ ስም የሚጠራውን፣ በዕቃው ላይ ግን አልተርኔተር ተብሎ የሚጻፈውን ነው። የጥንቱና እውነተኛው ዲናሞ ሌላ ዕቃ ነው፤ ልዩነቱን የቮልስዋገኑ ጥያቄ ጋ ስንደርስ እናነሳዋለን።

ጥያቄ፦ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ቀይሬያለሁ። ማታ ደህና ያደረ መኪና ጠዋት ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሠራተኛው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቀለ፣ ሞተሩ ሲጠፋ «ዲናሞው አልቆለታል» አለኝ። አዲስ ከመግዛቴ በፊት ማረጋገጫ አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለ፤ አንድ ዲጂታል መልቲሜትር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) እና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በቅድሚያ ግን ሞተር እየሠራ የባትሪ ሽቦ አይነቀልም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው በየጋራዡ አሁንም ስለሚደረግ ነው። ባትሪው ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ብቻ ሳይሆን የዲናሞውን መወራጨት የሚያረጋጋም ነው። ድንገት ሲነቀል ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) የሮተሩን (በዲናሞው ውስጥ የሚዞረውን ክፍል) ኃይል ወዲያው መቀነስ ስለማይችል ቮልቱ ለአፍታ ወደ ብዙ አሥር ቮልት ይዘላል። በዚያች አፍታ ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ) ይቃጠላል፣ ሬጉሌተር ይቃጠላል፣ ሬዲዮ ይቃጠላል፤ ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ደግሞ ኪሳራው ከዲናሞው ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ ምርመራው ምንም አያረጋግጥም። አንድ ዳዮድ የተቃጠለበት ዲናሞ የቤንዚን ሞተርን ሳያጠፋ ሊያቆይ ይችላል፤ ጤነኛው ደግሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ሊያጠፋው ይችላል። የድሮ ናፍጣ ሞተርማ ነዳጅ መዝጊያው ካልተዘጋ ዲናሞ ኖረም አልኖረም አይጠፋም።

ትክክለኛው መንገድ ይኸው። መኪናው ካደረ በኋላ፣ ቁልፍ ሳይገባ፣ የባትሪውን ሁለት ራሶች ይለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ከ12.4 በታች ከሆነ መጀመሪያ በቻርጀር ይሙሉት። የደከመ ባትሪ ላይ የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል፤ ባዶ ባትሪን በዲናሞ መሙላትም ዲናሞውን ለረጅም ጊዜ በሙሉ ጭነት ስለሚያሠራው ያግለዋል፣ ያቃጥለዋልም።

ከዚያ ያስነሱትና በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ይዘው እንደገና ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ካነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው። ረጅሙን መብራት፣ የአየር ማራገቢያውንና ዋይፐሩን ያብሩ። አሁንም ከ13.5 በታች መውረድ የለበትም። ንባቡ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ አይቆጣጠርም ማለት ነው፤ የባትሪው ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታም ይመጣል። ባትሪ እየገዙ መጣል የሚመጣው ከዚህም ነው። ንባቡ 12 ላይ ቆሞ እየወረደ ከሄደ ደግሞ ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ላስቲክ)፣ ፊውዙንና የሽቦውን ሶኬት አይተው ነው ወደ ዲናሞው የሚሄዱት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ልኬት ላይ ደረስን። ሞተሩ በ2000 ዙር እየሠራ፣ መብራት እንደበራ፣ ቀዩን የመልቲሜትር ጫፍ በዲናሞው ጀርባ ባለው ወፍራም ቡሎን ላይ፣ ጥቁሩን በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ያድርጉ። የሚነበበው ቁጥር በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ነው፤ ከ0.3 መብለጥ የለበትም። ቀጥለው አንዱን ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያድርጉ። እዚህ 0.2 ከበለጠ ማሳው (በመኪናው ብረት በኩል ያለው የኔጋቲቭ መመለሻ) ተበላሽቷል። በድሮ ኮሮላ ላይ ሞተሩን ከአካሉ የሚያገናኘውን የማሳ ሽቦ ፈልገው ይዩት። ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ፣ ከቡሎኑ ሥር ቀለምና ዝገት ገብቶ፣ ከክሮቹ ግማሹ ተበጥሶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይፍቱት፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይሹት፣ አስፈላጊ ከሆነ ሽቦውን ይቀይሩት። ዲናሞው 14.3 እያመረተ ባትሪው ጋ 13.2 የሚደርሰው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የእርስዎ መኪና ችግር ግን ማታ ደህና ሆኖ ጠዋት መሞቱ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት የሚያፈስ ነገር መኖሩን እንጠረጥራለን። ሁሉን አጥፍተው፣ በር ዘግተው፣ ኔጋቲቩን ይንቀሉና መልቲሜትሩን በ10 አምፔሩ ቀዳዳ በሽቦውና በባትሪው ራስ መካከል ያስገቡ። ይህን እንደያዙ ቁልፍ አይክፈቱ፣ ሞተርም አይሞክሩ፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይሄዳል። 15 ደቂቃ ይጠብቁ። 0.05 አምፔር ድረስ ምንም አይደለም። ከዚያ ከበለጠ ፊውዞችን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይዩ። አንዱም ካልቀነሰው የዲናሞውን ወፍራም ሽቦ ፍቱ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከብረት አርቁ፣ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ወዲያው ከወደቀ ሌባው የዲናሞው ዳዮድ ነው። እንዲህ ያለ ዲናሞ ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ እሱ ብቻ ሲነካ ሞቅ ይላል።

ማረጋገጫ ከፈለጉ መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ያዙሩና ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ0.5 ከበለጠ ዳዮዱ ተበላሽቷል። ያን ጊዜ ዲናሞው ይፈታ።

ጥያቄ፦ የባትሪ ምልክት ያለው ቀይ መብራት ማታ ማታ በጣም ደብዝዞ ይታየኛል፤ ቀን አይታይም። ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ የዳሽቦርዱን አምፖሎች በኤልኢዲ ከቀየረ ወዲህ ነዳጅ ካልረገጠ ዲናሞው አይሞላለትም። ይገናኛሉ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይገናኛሉ። ያቺ አምፖል በሁለት ቮልቶች መካከል ተንጠልጥላለች፤ አንዱ ከቁልፉ፣ ሌላው ከዲናሞው ይመጣል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ትጠፋለች። ደብዝዛ መብራቷ እኩል አለመሆናቸውን ይነግራል፤ ወይ የቁልፉ መነሻ ወይም ፊውዙ ቮልት እየበላ ነው፣ ወይ አንድ ዳዮድ ደክሟል። ከላይ የተባለውን የተለዋዋጭ ቮልት ልኬት ያድርጉ። ቁልፍ ሲከፈት ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥላለች ወይም ካርቦኑ (ኃይልን ወደሚዞረው ሮተር የሚያደርሰው) አልቋል።

ጓደኛዎን በተመለከተ፣ እንደ ቦሽ ባሉ ብዙ ዲናሞዎች የመጀመሪያዋ መንቂያ ኃይል የምትመጣው በዚያችው አምፖል በኩል ነው። ባለ ክር አምፖል 1.2 ወይም 2 ዋት ነው፤ ኤልኢዲ ግን በቂ ኃይል አያሳልፍም። የድሮዋን አምፖል ይመልስ፤ ኤልኢዲው ይቅርብኝ ካላለ ከጎኑ የ100 ኦም፣ የ5 ዋት ሬዚስተር ይጨምር።

ጥያቄ፦ ዲኤክሴ ባለ 45 አምፔር ዲናሞና ለብቻው የተሰቀለ ሬጉሌተር ያለው ነው። ኤሲ፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያና አምፕሊፋየር ስላስገባሁበት ማታ ዝናብ ሲሆን መብራቱ ይደክማል። የ100 ወይም የ120 አምፔር ዲናሞ ልግጠም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከዲናሞው በፊት ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት የፊት መብራቶች በ60 ዋት 120 ዋት ናቸው፤ ወደ 9 አምፔር። የጅራትና የዳሽቦርድ መብራት 3። ዋይፐር 5። የውስጥ ማራገቢያ 10። የራዲያተሩ ኤሌክትሪክ ማራገቢያ 12። የኤሲው ክላች 4። ማቀጣጠያው 4። ድምሩ 47 ነው፣ አምፕሊፋየሩ ገና አልገባም። አምፕሊፋየሩ ሲጮህ 15 ወይም 20 ይጨምርበታል። ስለዚህ 45 አምፔር እንደማይበቃ ጥርጥር የለውም፤ ግን 120ም አያስፈልግዎትም። ከ70 እስከ 80 አምፔር የሚሰጥ፣ ሬጉሌተሩ በውስጡ የሆነ ዲናሞ ይበቃዎታል።

አንድ ነገር ይያዙ፤ በዲናሞው ላይ የተጻፈው አምፔር ዲናሞው ራሱ በደቂቃ 6000 ዙር አካባቢ ሲዞር የሚሰጠው ነው። በሚኒሞ ላይ ግማሹን ያህል፣ አንዳንዱ ከግማሽ በታች ይሰጣል። የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ የሚውል መኪና ባለቤት ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ትልቁን ቁጥር ሳይሆን በሚኒሞ ስንት ይሰጣል የሚለውን ነው።

100 አምፔርን ለምን እንደማንመክር በቺንጋው እንጀምር። 100 አምፔር በ14 ቮልት 1400 ዋት ነው። ዲናሞ ከሚበላው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 55 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ከሞተሩ የሚጎትተው 2500 ዋት ይደርሳል፤ ወደ 3.4 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ያንን በአንድ ቀጭን ቪ ቺንጋ ማሳለፍ ይቸግራል። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። እንዳይንሸራተት ብለው ከልክ በላይ ሲወጥሩት ደግሞ የዲናሞውና የውኃ ፓምፑ ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ የሚያዞረው) ይበላል።

ሁለተኛው ሽቦው ነው፤ መኪና የሚቃጠለው እዚህ ስለሆነ አደራ። ከፋብሪካ የመጣው ሽቦ ለ45 አምፔር የተሠራ ነው። 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው የ6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 80 አምፔር ሲያልፍበት 0.35 ቮልት ያጠፋል፤ የጠፋውም ሙቀት ሆኖ ሽፋኑን ያለሰልሳል። በ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ጥፋቱ 0.13 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዲናሞው ቡሎን በቀጥታ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ የ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ያስገቡ፤ ባትሪው አጠገብ፣ ከ20 ሴንቲሜትር ሳይርቅ፣ የ100 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። ጫፎቹ ላይ የሚገቡት የመዳብ ጆሮዎች በትክክለኛ መጭመቂያ ይጨመቁ፤ በፒንሳ የተጨፈለቀ ጆሮ ከጊዜ በኋላ ይላላል፣ ይግላል። ማሳውንም አይርሱ፤ ከሞተሩ ወደ ባትሪ ኔጋቲቭ የሚመለሰው ሽቦ ተመሳሳይ ውፍረት ይኑረው። ነባሩን ሽቦ ትቶ ትልቅ ፊውዝ ብቻ መቀየር ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው ይቃጠላል። ዳሽቦርድ ላይ አምፔር ሜትር ያላቸው የድሮ መኪኖች ደግሞ ሙሉ ኃይሉን በዚያች መለኪያ በኩል ስለሚያሳልፉ እሷን ማለፊያ መስመር ያስፈልጋቸዋል።

ሽቦ አያያዙ እንዲህ ነው። የድሮው ቶዮታ ሬጉሌተር ስድስት መስመር አለው፤ አይጂ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ ኢ፣ ኤል እና ቢ። ኤን፣ ኤፍና ኢ ወደ ዲናሞው ይሄዳሉ። አዲሱ ዲናሞ ደግሞ ከወፍራሙ ቡሎን ሌላ ሦስት እግር ያለው ሶኬት አለው፤ አይጂ ከቁልፍ፣ ኤል ወደ ቀይዋ አምፖል፣ ኤስ ቮልት መለኪያ። የድሮውን ሬጉሌተር ሙሉ በሙሉ ያውጡ። በእሱ ሶኬት ላይ የኤልን ሽቦ ከኤፍ ሽቦ ጋር፣ የአይጂን ሽቦ ከኤን ሽቦ ጋር ያገናኙ፤ ሁለቱ ዲናሞው ጋ ሲደርሱ በየስማቸው ኤልና አይጂ ላይ ይገባሉ። ኤን ሽቦ በአንዳንድ መኪና ላይ ወደ ሌላ ሪሌ ቅርንጫፍ ስላለው ከመጠቀምዎ በፊት በመልቲሜትር ያረጋግጡ፤ ካለው ይቁረጡት ወይም አዲስ ሽቦ ይሳቡ። የኢን ሽቦ አይጠቀሙ፤ ብዙውን ጊዜ ከአካሉ ጋር የታሰረ ስለሆነ ፊውዝ ያቃጥላል። የኤስን ሽቦ አዲስ ስበው በ7.5 አምፔር ፊውዝ በኩል በቀጥታ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያሳርፉት፤ ሬጉሌተሩ ቮልቱን የሚለካው ባትሪው ራስ ላይ ስለሚሆን በመንገድ የሚጠፋውን ያካክሳል። አሮጌውና አዲሱ ሶኬት ቅርጻቸው አይገጥምም፤ ዲናሞውን ሲገዙ ሶኬቱን ከነሽቦው ያስቆርጡ። የሽቦ ቀለም ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ፊደሉን ይከተሉ።

መግጠሙ ቀላል ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ መጀመሪያ ይነቀላል፤ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ መኪናው ቢጠፋም ሁልጊዜ ኃይል ስላለው መፍቻዎ ብረት ቢነካ ይበየዳል። ብዙውን ጊዜ የማወጠሪያው ቡሎን በ12 ቁልፍ፣ የታችኛው መዞሪያ በ14 ቁልፍ ይፈታል። አዲሱን ሲያስገቡ ቀጥ ያለ ብረት በፑሌጃዎቹ (ቺንጋው በሚጠመጠምባቸው ክቦች) ፊት ላይ አሳርፈው መስመር መግጠማቸውን ይዩ፤ ካልገጠመ በሮንዴላ ይስተካከላል። ሁለት ሚሊሜትር መዛባት ቺንጋ ይበላል። በሁለት ፑሌጃዎች መካከል ቺንጋውን በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይግባ። አዲስ ቺንጋ ከሆነ ከጥቂት ቀን በኋላ ስለሚላላ እንደገና ያጥብቁት።

ጥያቄ፦ የናፍጣ ሃይኤስ ሚኒባስ ዲናሞ ካስቀየርኩ ወዲህ ፍሬኑ ደንድኗል፤ እግሬን ሁሉ ጥዬበት ነው የሚቆመው። ዲናሞና ፍሬን ምን አገናኛቸው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ተሳፋሪ አይጫኑ፤ መኪናው ይቁም። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ፣ ሃይኤስም ሃይሉክስም ላይ፣ ከዲናሞው ጀርባ በአንድ ዘንግ የሚዞር ትንሽ ቫኪዩም ፓምፕ አለ። የቤንዚን ሞተር የፍሬን ሰርቮውን (የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን ክፍል) የሚያሠራበትን መምጠጥ ከራሱ ያገኛል፤ ናፍጣ ሞተር ግን ያ ስለሌለው ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ የሌለው ዲናሞ ከተገጠመልዎ፣ ወይም ቱቦው ካልተመለሰ፣ ሰርቮው ሞቷል።

በቤትዎ እንዲህ ይፈትኑ። ሞተሩ ጠፍቶ ፍሬኑን አምስት ጊዜ ይርገጡ፣ ከዚያ እንደረገጡ ያስነሱት። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሰመጠ ሰርቮው ይሠራል፤ እንደነበረ ከቆመ አይሠራም።

ባለ ፓምፑ ሲገጠም ሦስት ነገር ይጠበቅ። ዘይት የሚያመጣው ቱቦ ቡሎን ላይ ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ ይሁኑ። ከመግጠም በፊት በፓምፑ የዘይት ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይፍሰስና ፑሌጃው በእጅ ይዙር፤ ደረቅ ፓምፕ በመጀመሪያው ደቂቃ ይፋቃል። ወፍራሙ የዘይት መመለሻ ቱቦ እንዳይታጠፍ። እሱ ከተዘጋ ዘይቱ በማኅተሙ በኩል ወደ ዲናሞው ይገባል፣ ካርቦኑ ዘይት ውስጥ ይዋኛል፣ ዲናሞውም መሙላት ያቆማል። ከዲናሞ ሥር ዘይት ሲንጠባጠብ ካዩ ካርቦን መቀየር ብቻውን አይፈይድም፤ መነሻው ፓምፑ ነው። አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች ደግሞ ባለ 24 ቮልት ስለሆኑ በመልክ ቢመሳሰልም ጽሑፉን ሳያነቡ አይግዙ።

ጥያቄ፦ በ1990ዎቹ የተሠራች ካምሪ አለችኝ፤ ዲናሞዋ አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ አይሞላም። የታደሰ ዲናሞ ዋጋው ላይ አሮጌውን ካልመለስኩ የማይመለስ ገንዘብ ይጠይቁኛል። ካርቦን ብቻ መቀየር አይቻልም? (ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አንዳንዴ የሚሞላ አንዳንዴ የማይሞላ ዲናሞ የካርቦን ማለቅ ዋና ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ወይም ሲመታ ይነቃል። በኒፖንዴንሶ ዲናሞ ላይ የጀርባውን ክዳን ሲያነሱ የካርቦን መያዣው በሁለት ትናንሽ ቡሎኖች ብቻ ነው የታሰረው፤ ሮተሩን ማውጣት አያስፈልግም። ካርቦኑ አዲስ ሲሆን ከመያዣው 10.5 ሚሊሜትር ይወጣል፤ 1.5 ሲደርስ አልቋል። አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ፣ እኩል አይበሉም።

እዚያው እያሉ ካርቦኑ የሚሄድባቸውን ሁለት የመዳብ ቀለበቶች ይዩ። ቡናማና ለስላሳ ከሆኑ ደህና ናቸው፤ ጥፍር የሚያቆም ጉድጓድ ካለባቸው አዲሱ ካርቦን ወራት አይቆይም። መልቲሜትሩን በኦም አድርገው በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ይለኩ፤ በነዚህ ሮተሮች ላይ 3 ኦም አካባቢ ይጠበቃል። መስመሩ ከተቋረጠ ወይም ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር ግንኙነት ካሳየ የታደሰውን ይግዙ። ኩሽኔታው ካጉረመረመም እንደዚሁ። የሚጠይቁዎት ተጨማሪ ገንዘብ የአሮጌው አካል መያዣ ነው፣ ሲመልሱ ይመለሳል፤ ስለዚህ አሮጌውን ሳይበታትኑ ደረሰኙን ይዘው ይመልሱ። የታደሰውን ይዘው ከሱቅ ከመውጣትዎ በፊት የፑሌጃው ቦይ ብዛትና የሶኬቱ ቅርጽ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይመሳከር።

ጥያቄ፦ የቮልስዋገን ቢትሌ የጥንቱን ጄኔሬተር ይዛለች፤ ማታ በሚኒሞ ላይ መብራቷ ሻማ ይሆናል። በአልተርኔተር መለወጥ ይቻላል? ሞተር መውረድ አለበት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ለቮልስ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ የምንወደው ይህ ነው፣ ሞተር ማውረድም አያስፈልግም። እርስዎ የያዙት እውነተኛው ዲናሞ ነው። ኃይል የሚያመርተው የሚዞረው ክፍል ላይ ስለሆነ ያ ሁሉ ኃይል በካርቦን በኩል ይወጣል፣ በዝቅተኛ ዙር ላይም ምንም ያህል አይሰጥም። አልተርኔተር ግን ኃይሉን የሚያመርተው በማይንቀሳቀሰው ክፍል ነው፤ በካርቦኑ የሚያልፈው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው፣ በሚኒሞም ይሞላል። ፋብሪካው ራሱ በኋለኞቹ ቢትሌዎች ላይ የ55 አምፔር የቦሽ አልተርኔተር ገጥሟል፤ የባለ 12 ቮልቱ ጄኔሬተር 30 አምፔር ነበር።

መጀመሪያ መኪናዋ 12 ቮልት መሆኗን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት በአብዛኛው 6 ቮልት ናቸው፤ እነሱን መለወጥ አምፖሉን፣ ኮይሉን፣ የዋይፐር ሞተሩን ሁሉ መለወጥ ነው። ከዚያ ዕቃ ሲሰበስቡ አልተርኔተሩን ብቻ አይግዙ። የአልተርኔተር ማቆሚያ እግር፣ ማሰሪያው ቀበቶ፣ ከማራገቢያው ጀርባ የሚገቡት ሳህኖችና የማራገቢያው መሐል ያስፈልጋሉ፤ የጄኔሬተሩ ዕቃዎች አይገጥሙም።

ካርቡሬተሩን አውርደው፣ የማራገቢያውን ቤት የጎን ቡሎኖች ፈትተው፣ ጄኔሬተሩን የያዘውን ቀበቶና የማራገቢያ ሳህኑን አራት ቡሎኖች ካላቀቁ በኋላ ቤቱ ወደ ላይ ከፍ ሲል ጄኔሬተሩ ከነማራገቢያው ይወጣል። ማራገቢያውን የያዘው ዳዶ በ36 ቁልፍ ይፈታል። አዲሱ ላይ ሲመለስ በማራገቢያውና በሳህኑ መካከል 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር፤ በእጅ አዙረው ምንም እንደማይፋቅ ይስሙ።

ሽቦው ያምራል፤ አዲስ መስመር ለአምፖሉ መሳብ አያስፈልግም። ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለውን ሬጉሌተር ያውጡ። ከሬጉሌተሩ 61 ከሚለው እግር የወጣውን ቀጭን ሰማያዊ ሽቦ ወደ ጄኔሬተሩ ዲኤፍ ይሄድ ከነበረው ሽቦ ጋር ያገናኙ፤ የሞተሩ ጋ ጫፉ አልተርኔተሩ ዲ ፕላስ ላይ ይገባል። ወፍራሙን በተመለከተ የድሮውን ሽቦ ቀጥሎ መጠቀም የተለመደ ቢሆንም እኛ አዲስ የ10 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከአልተርኔተሩ ቢ ፕላስ እስከ ባትሪው ድረስ እንመክራለን። የባትሪ ምሰሶ ማገላበጥ ደግሞ እዚህ ይቅርታ የለውም፤ ጄኔሬተር ሊችለው ይችላል፣ አልተርኔተር ግን ዳዮዶቹን በቅጽበት ያጣል።

ቺንጋው እንደ ሌሎች መኪኖች ዲናሞውን በመግፋት አይወጠርም። ፑሌጃው ለሁለት ይከፈላል፣ መሐሉ ላይ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ከመሐል አንዱን ሲያወጡ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣና ይጠብቃል፤ ያወጡትን ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ያስቀምጡት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ይፈለጋል። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። በዚህች መኪና ላይ ያ ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ ያዞራል። እየነዱ ሳሉ ቀይዋ መብራት ከበራች እስከ ቤት ልድረስ አይባልም፤ ዳር ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቺንጋውን ይዩ።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲናሞ ስገዛ ምን ልይ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። የመያዣ ጆሮዎቹ ርቀት፣ የፑሌጃው ዓይነት፣ የሶኬቱ ቅርጽ በዓይን ይገጣጠሙ። ፑሌጃውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፣ ምንም መላላት አይኑር። ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ያዙሩት፤ አሸዋ እንደገባበት ድምፅ ከሰጠ ኩሽኔታው አልቋል። በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ የመዳቡ ጠምዛዛ ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ይተዉት። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርገው ቀዩን ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ጥቁሩን በወፍራሙ ቡሎን ላይ ያድርጉ፤ ከ0.8 እስከ 1 ቮልት ያህል ማንበብ አለበት። ጫፎቹን ሲያገላብጡ ምንም እንዳያነብ። በሁለቱም በኩል ካነበበ ወይም ዜሮ አካባቢ ካሳየ ዳዮዱ ተበስቷል።

ከተገጠመ በኋላ መኪናውን ላቫጆ ሲያስገቡ የሞተር እጥበት ላይ ዲናሞውን በላስቲክ ይሸፍኑት። በኃይል የሚረጭ ውኃ የኩሽኔታውን ቅባት ያጥባል፣ ጭቃና ሳሙና ወደ ካርቦኑ ያስገባል።